ኮራል ተክል አይደለም፣ «ፋቪያ»ም የድሮ ስሙ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሁድ ስለ ዳናክል ያወጣችሁትን የጉዞ ጽሑፍ ቡናዬን ይዤ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን ከአንዱ ፎቶ ሥር «ከዳይኖሰር ዘመን የተረፈ የባህር ተክል፣ ፋቪያ» ብላችኋል። በአንድ መስመር ሦስት ስህተት! ሦስተኛው እንኳን የናንተ ጥፋት አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ተክሉን እንጨርስ። ኮራል እንስሳ ነው። አውሮፓውያንም እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተክል ነው ሲሉ ኖረዋል፣ ስለዚህ ብዙ አትፈሩ። ፖሊፕ የሚባል ትንሽ ለስላሳ ፍጥረት ነው፤ አፉን በከበቡት ክንዶች እያጠመደ ይበላል። ከባህሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ሲኒ የመሰለ የድንጋይ መቀመጫ ለራሱ ይሠራል። እሱ ይሞታል፣ ሲኒው ይቀራል። ጥልቀት በሌለው ባህር የሚኖሩት ደግሞ ሥጋቸው ውስጥ ደቃቅ አልጌ ያስጠልላሉ፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ምግብ ያካፍላቸዋል። በቃ፣ ከተክል ጋር የሚያገናኛቸው ይሄው ነው።

ዘመኑም ልክ አይደለም። የዳናክሉ ኮራል ቀይ ባህር እስከዚያ ድረስ ገብቶ በነበረበት ጊዜ፣ የዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ የኖረ ነው። ኋላ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨውና ኮራሉ ቀሩ። ዳይኖሰር ካለቀ እኮ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል! የዳይኖሰር ዘመን ኮራል የፈለገ መቀሌ ይሂድ፣ የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ያገኘዋል። ያንን ድንጋይ በ1868 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊ፣ ብላንፎርድ፣ በቦታው ስም «አንታሎ» ብሎ መዝግቦታል። ሌላው ወደ መቅደላ ሲጣደፍ እሱ ድንጋይ ይለቅማል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን «ፋቪያ» ነው። በወጣትነቴ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ነበርኩ። የድሮዎቹ የምጽዋ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ከአንድ ከፈረሰ ግድግዳ ሥር ያነሳኋት የጡጫ የምታህል ድንጋይ እስከ ዛሬ ከቴሌቪዥኔ አጠገብ አለች። ቁርጥ የማር እንጀራ ናት። እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱ ግድግዳ አለው፣ ከግድግዳው ወደ መሀል እንደ ጃንጥላ ዘንግ ስስ ስስ ነገሮች ይገባሉ። የእነዚህ ኮራሎች ዘንግ በስድስት፣ ቀጥሎ በአሥራ ሁለት እያለ ነው የሚበዛው ይባላል። እኔ በመርፌ ጫፍ ስቆጥር ሁሌም መሀል ላይ ይጠፋብኛል።

ፎርስካል የሚባል ስዊድናዊ ቀይ ባህር ላይ እንዲህ ያለ ኮራል አይቶ በላቲን «ፋቩስ» አለው፣ የማር እንጀራ ማለት ነው። ሰውየው በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፣ መጽሐፉ የታተመው በ1775 ነው። ከሱ በኋላ የመጡት ኮራሉን «ፋቪያ» ከሚሉት ወገን ቀላቀሉት። አትላንቲክ ውስጥ ያሉትንም ፋቪያ አሏቸው። ለምን ቢባል ይመሳሰላሉ! በእጃቸው የነበረው አጽሙ ብቻ ነው፣ በመልክ ከመፍረድ ሌላ ምን ያድርጉ?

እኛ ጋ ግን ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት ይቆጠራል እንጂ አፍንጫ አይለካም። ተመራማሪዎቹም በ1990ዎቹ ቤት መቁጠር ጀመሩ፣ በዲኤንኤ። ያኔ ጉዱ ወጣ። በ1996 አብዛኞቹ ድንጋያማ ኮራሎች በሁለት ትልልቅ ቤቶች እንደሚከፈሉ ታየ፣ ክፍፍሉም ከድሮው የመልክ መዝገብ ጋር አልገጥም አለ። በ2004 ደግሞ የአትላንቲኮቹ «ፋቪያዎች» የቅርብ ዘመዶች እዚያው አትላንቲክ ውስጥ ያሉ፣ መልካቸው ጭራሽ የማይገናኝ ኮራሎች ሆነው ተገኙ። መንታ ይመስሏቸው የነበሩት የቀይ ባህርና የፓስፊኮቹ ሌላ ቤት ናቸው። ተመሳሳይ ብርሃንና ማዕበል ተመሳሳይ ቅርጽ ሲያወጣ ኖሯል ማለት ነው፤ አንዱ ዝርያ እንኳን ጥልቀቱ ሲለያይ መልኩን ይቀያይራል። በ2012 የኛ ሰፈሩ ኮራል ስሙ ተነሥቶ «ዲፕሳስትሬያ ፋቩስ» ተባለ። ፋቪያ ለአትላንቲኮቹ ቀረ። የማር እንጀራው ግን አልተነካም፣ ፎርስካል ያወጣው እንዳለ ነው።

የዘር ቆጠራው ሌላም ነገር አምጥቷል። ዘንጋቸውን በአራት በአራት ያበዙ የነበሩ የጥንት ኮራሎች ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በታላቁ እልቂት ጠፍተዋል። የዛሬዎቹ አጽም በብዛት ብቅ የሚለው ከ240 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ አዲስ መጤ ይመስሉ ነበር። በ2011 የጥልቅ ባህር ኮራሎች ተጨምረው ሲቆጠር ግን የዘሩ መነሻ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ። በመሀሉ ያለው ረጅም ጊዜ ምን ሆኖ አለፈ? አጽም ሳይሠሩ፣ ራቁታቸውን ኖረው ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ ይሄን ሐሳብ እወደዋለሁ፣ ለስላሳ ነገር ደግሞ ድንጋይ ውስጥ አሻራው እምብዛም አይገኝም።

እንግዲህ ማረሚያ ካወጣችሁ «የ125 ሺህ ዓመት የኮራል ቅሪት» ማለት ይበቃል። ስም አትጨምሩበት፣ ከፎቶው ብቻ አይለይም። የምጽዋዋን ድንጋይ ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ቤቴ ኑ፤ አላውሳችሁም።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ