ስለ ሞተርሆሙ ሽንት ቤት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በጁላይ መጀመሪያ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ሲቃረብ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ቤተሰብ ጭነው የሚነሱ ሞተርሆሞቻችን፣ ማለትም መኝታ፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ያላቸው መኪኖቻችን፣ ይበዛሉ። ቁልፍ ሲረከብ ስለ ነዳጁና ስለ ፍሬኑ የማይጠይቅ የለም፤ ስለ ሽንት ቤቱ ግን አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ አናገኝም። ስለዚህ ሳትጠይቁን ጽፈንላችኋል።

መኪናው ሦስት ታንከሮች አሉት። አንዱ ንጹሕ ውኃ ይይዛል፤ ሁለተኛው ከዕቃና ከገላ መታጠቢያው የሚወርደውን እጣቢ ይቀበላል፤ ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው። በዚህ በሦስተኛው ላይ ውኃ አትቆጥቡ። ታንከሩ ወለሉ ሜዳ የሆነ ሣጥን ስለሆነ የገባበት ነገር የሚወጣው በውኃ ሲንሳፈፍ ብቻ ነው። ፔዳሉን በከፊል ስትረግጡት ውኃ ይወርዳል፤ እስከ መጨረሻው ስትረግጡት የሳህኑ መዝጊያ ይከፈታል። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ሳህኑ ውስጥ በቂ ውኃ አጠራቅሙ። በውኃ መታጠብ ልማዱ የሆነ ሰውማ ለታንከሩ ባለውለታ ነው።

ካምፕ ደርሶ የፍሳሽ ቱቦውን ከገጠሙ በኋላ የሽንት ቤቱን ቫልቭ ከፍቶ መተው ብልኅነት ይመስላል፤ ትልቁ ጥፋት ግን እሱ ነው። ፈሳሹ ቀድሞ ይሄዳል፣ ደረቁ ከመጸዳጃው ሥር እንደ ኩይሳ ይቆለላል፣ ከዚያም ይጠነክራል። ቫልቩ ተዘግቶ ይቆይና ታንከሩ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይለቀቅ። ሳይሞላ የመልቀቂያው ሰዓት ከደረሰ ውኃ ጨምሩበት።

መልቀቅ የሚቻለው በተፈቀደ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦታ ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ማፍሰስ በሕግ ያስጠይቃል። ጓንት አድርጉ። የፍሳሽ መውጫውን ክዳን ከመንቀላችሁ በፊት የሽንት ቤቱም የእጣቢውም ቫልቮች መዘጋታቸውን አረጋግጡ፤ ይህንን የዘነጋ ሰው ጫማውን ይጥላል። ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ክፈቱ። ቱቦው ውስጥ በኃይል ሲንዶቆዶቅ ትሰማላችሁ፤ ድምፁ እየሳሳ ወደ ጠብታ ሲወርድ ዝጉት። ቀጥሎ እጣቢውን ልቀቁ፤ ሳሙናማው ውኃ ቱቦውን አጥቦት ይሄዳል። ባዶ የሆነውን የሽንት ቤት ታንከር ግን ደረቁን አትተዉት፤ ጥቂት ሊትር ውኃና የሰጠናችሁን መድኃኒት ጨምሩበት። ለመጠጥ ውኃ የሚያገለግለውን ቱቦ ወደዚህ ሥራ አታስጠጉት።

በረኪና አትጨምሩ፤ የቫልቩን ጎሚኒ ይጎዳል፣ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። እርጥብ መጥረጊያ፣ ማሸጊያው ላይ ይሟሟል ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ቅርጫት ውስጥ ይጣል። ወረቀቱ ስስና ቶሎ የሚሟሟ ይሁን፤ ከተጠራጠራችሁ ቁራጩን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ከትታችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ካልተበታተነ አይሆንም። አንዳንድ ጊዜ ታንከሩን ባዶ አድርጋችሁም የታንከሩን መጠን የሚያሳየው መብራት ሙሉ ነው ይላል፤ ወረቀት ታንከሩ ውስጥ ያለው መለኪያ ላይ ተጣብቆ ነው እንጂ መኪናው አልተበላሸም።

የወጥ ቅባትና የቡና ዝቃጭ ወደ ማጠቢያው አይሂዱ። ቅባቱ የእጣቢው ታንከር ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ሽታውን ብዙ ሰው በሽንት ቤቱ ያሳብባል እንጂ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ወጥ ቤቱ ነው። ድስቱን በወረቀት ጠርጋችሁ እጠቡ። ፔዳሉን ስትረግጡም የጣሪያው ማራገቢያ ይጥፋ፤ አለዚያ የታንከሩን አየር ስቦ ቤት ያስገባዋል።

መኪናውን ስትመልሱ የእጣቢውና የሽንት ቤቱ ታንከሮች ባዶ፣ ቫልቮቹ የተዘጉ፣ ክዳኑ የተገጠመ ይሁን። መንገድ ላይ ሽንት ቤቱ አልወርድ ካለ በሽቦ አትጎርጉሩት፤ መዝጊያውን ትቀድዱታላችሁ። ውኃ ሞልታችሁበት ይደር፤ ጠዋትም እንደዚያው ከሆነ ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተርሆም ኪራይ ክፍል