ከኮሪያ ለጅማ፦ ስለ ቃኘው ሐውልት

ይድረስ ለአባባ፣ ለእማዬና ለእህቶቼ፤

እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፋብሪካው ሥራ ይበዛዋል፣ ብርዱንም ገና አልለመድኩትም። ሌላው ሰላም ነው።

አባባ፣ ባለፈው ስለ ቃኘው፣ ኮሪያ ጦርነት ስለዘመቱት ወታደሮቻችን፣ ሐውልት እየጠየቁኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። እነሆ በእረፍቴ ቀን ሄጄ አየሁት። ያለው ቹንቾን ከተማ ነው፤ ከሴኡል በባቡር ይኬዳል። የእኛ ሰዎች የተዋጉት በዚያው አካባቢ ተራሮች ስለነበር ነው እዚያ የቆመላቸው። አጠገቡ ውሃ አለ። የጅማው ወንዛችን አወይቱ ሰፍቶ፣ ቆሻሻው ተጠርጎ ቢታይ ማለት ነው።

ሐውልቱ ሲመረቅ፣ ግንቦት 1960፣ ጃንሆይ ራሳቸው መጥተው ነበር። መታሰቢያ አዳራሹ ግን የቅርብ ነው፣ የ1999። ጣሪያው እንደ ጎጆ ሾጠጥ ያለ ነው።

የመጀመሪያው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ነው። ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ናቸው። ከጅቡቲ በመርከብ ፑሳን ገቡ። ከዚያ እየተተካኩ ከ6,000 በላይ ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም የለም። የወደቁትንም ትተው አልተመለሱም፤ አጽማቸው አዲስ አበባ ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው።

እማዬ፣ ለአንቺ የምነግርሽ ሌላ ነው። ወታደሮቹ ዶንግዱቾን በሚባል ከተማ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት የሚያሳድጉበት ቤት ከፍተው ነበር። እስቲ አስቢው፤ በረዶ አይተው የማያውቁ፣ ቋንቋው የማይገባቸው ልጆች የሰው አገር ሕፃን ሰብስበው ሲያበሉ። ስለ ቃኘው ሲወራ ሁሌ ተኩሱ ይቀድማል። ለእኔ ግን ከተኩሱ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ። ለደቡቡ ዘምቻለሁ ብሎ ማውራት የማያስኬድ ነገር ሆነ። ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ሜዳሊያቸውን ሳጥን ውስጥ የቆለፉበት ለዚህ ይመስለኛል። ሰፈሩ «ኮሪያ» ሲላቸው እኔ ቅጽል ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከሐውልቱ አጠገብ የኢትዮጵያ ቡና የሚሸጥበት ቤት አለ፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ የቆየ። ዋጋውን ብነግርሽ እማዬ፣ ጀበናሽን ተሸክመሽ ትመጪያለሽ! እዚህ አገር በየካፌው የይርጋጨፌና የሲዳማ ስም አያለሁ፤ የጅማ ግን ስሙ አይነሣም። ቡናው ከእኛ ጓሮ እየሄደ! ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ።

አባባ፣ የሽማግሌው ልጆች አሁንም ሄርማታ ሰፈር ካሉ ይጠይቁልኝ። በስንተኛው ቃኘው ሻለቃ ነበሩ? ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ይጻፉልኝ። የወታደር ፎቶ ካላቸው ትንሿ እህቴ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ። ለአዳራሹ ሰዎች ላሳያቸው አስቤያለሁ።

ብሩን ደመወዝ ስቀበል እልካለሁ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ይከፈል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ክረምቱ ሳይገባ ይደርሳል።

ናፋቂ ልጃችሁ