ማሽኑን አትርገሙት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው ሚያዝያ 60 እንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ ከትቼ 19 ጫጩት ብቻ አገኘሁ። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምክንያት አመጣ፤ አውራው አርጅቷል፣ መብራት ሲጠፋ በርዶ ነው፣ ዓይን ገብቶበታል። እኔም ማሽኑን ስረግም ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ የኔው ነው።

የባሕር ዳርን የሚያዝያ ሙቀት፣ ያውም ቆርቆሮ ሥር፣ የቀመሰው ያውቀዋል። እኔ ደግሞ 60 እስኪሞላ ብዬ እንቁላሉን መደርደሪያ ላይ ሁለት ሳምንት አጠራቀምኩት። በ7ኛው ቀን በስልኬ መብራት ሳየው ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ቀይ የደም ቀለበት ብቻ ነው። ሞተዋል። ከተፈለፈሉትም አንዳንዶቹ በ22ኛው ቀን ነው የወጡት፣ እትብታቸው በደንብ ሳይገጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላል ሲጣል ውስጡ ያለው ሽል እናቱ ሆድ ውስጥ ማደግ ጀምሮ ነው የሚወጣው። ሲቀዘቅዝ ይተኛል። ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን በግማሽ ልብ ይነቃል፣ በደንብ እንዳያድግ ሙቀቱ አይበቃው፣ እንዳይተኛ ቅዝቃዜ የለ፣ እንዲሁ ሲዳከም ይሰነብታል። 18 ዲግሪ አካባቢ ከተቀመጠ እስከ 7 ቀን ብዙም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚፈለፈለው ይቀንሳል፣ መውጫውም በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል።

በሁለተኛው ዙር ብልጥ ልሁን ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ያ ደግሞ ከልክ በላይ ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት አውጥቼ በቀጥታ ማሽን ውስጥ ስከተው ቅርፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለበት፤ ያ ውሃ ጀርሙን ይዞ በቅርፊቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። አሁን መሬት ላይ በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ሹሉን ወደ ታች አድርጌ አስቀምጣለሁ። ማሽን ከመግባቱ በፊት ማታ አውጥቼ ክፍል ውስጥ አሳድረዋለሁ። እናቴ ጤፍ ውስጥ ቀብራ ታስቀምጥ የነበረው ለካ ስለሚቀዘቅዝ ነው!

ታቃፊ ዶሮም ብትሆን አዲስ ልትጥል በመጣች ቁጥር የቀድሞዎቹን ለጥቂት ጊዜ አሙቃቸው ትሄዳለች። ትልልቅ ማስፈልፈያዎችም እንቁላል ብዙ ቀን ሲቆይባቸው ለጥቂት ሰዓት አሙቀው መልሰው ያቀዘቅዙታል፣ ሽሉ እንዲበረታ።

የማስፈልፈያ እንቁላል የምትሸጡልን ሰዎች፣ እባካችሁ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ጻፉበት። «ትኩስ ነው» እያላችሁ የስንት ቀኑን ነው የምትሰጡን?

ዶሮ አርቢ ነኝ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር