የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኢንጃሜናን ሁለት ጊዜ የሚመታው ጎርፍ

ክበባችን ዘንድሮ የቻድን፣ በተለይም የዋና ከተማዋን የኢንጃሜናን ጎርፍ አጥንቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. 23ቱም የአገሪቱ አውራጃዎች ተመትተው 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጎድቷል፤ 576 ሰው ሞቷል። በ2022ም ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተጎድቶ ጥቅምት ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል።

ጥቅምት መሆኑ ነው ጥያቄ ያስነሳው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይደለም ወይ? መልሱ ካርታው ላይ አለ። ኢንጃሜና ያረፈችበት ሜዳ አፈሩ መረሬ፣ ተዳፋቱ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ የክረምቱ ዝናብ መውጫ አጥቶ ሰፈር ውስጥ ይተኛል። ይህ የመጀመሪያው ጎርፍ ነው። ሁለተኛው የወንዞቹ ነው፦ የሻሪ ወንዝ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ የሎጎን ወንዝ ደግሞ ከዚያውና ከካሜሩን ከፍታዎች ተነሥተው ረጅሙን ሜዳ ቀስ ብለው አቋርጠው ከተማዋ ላይ ይገናኛሉ፤ ሙላታቸው የሚደርሰው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቷል ብሎ ቤቱን መጠገን የጀመረ ሰው የሚመታው ያኔ ነው። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው የዋሊያ ሰፈር (ስሙ ተማሪዎቹ አእምሮ ውስጥ ወዲያው ቀርቷል) በ2022 ክፉኛ ተጥለቅልቋል። ቤቱ ያልተተኮሰ የጭቃ ጡብ በመሆኑ ውኃው ግድግዳውን መግፋት አያስፈልገውም፤ ታችኛውን ረድፍ አርሶ ካላላው ሌላው በራሱ ክብደት ይወርዳል።

በአሸዋ ከረጢት መከተሩን በግቢያችን ሞክረነዋል። መጀመሪያ ከረጢቱን ጢም አድርገን ሞላነው፤ ድቡልቡል ስለሆነ እርስ በርሱ አልገጠም፣ ውኃው በየክፍተቱ አለፈ። ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሞልቶ፣ አፉን ከሥር አጥፎ፣ እንደ ጡብ መጋጠሚያውን እያፈራረቁ በእግር መርገጥ ነው የሚያዋጣው። የክትሩ መሠረት ስፋት የቁመቱ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ለ60 ሴንቲ ሜትር ቁመት 1.8 ሜትር ማለት ነው።

ብዙውን ጊዜ የወሰደብን ግን የሚጠጣው ውኃ ነው፤ የሚገባም ነበር። ጎርፍ ሽንት ቤቱንና ጉድጓዱን አንድ ያደርጋል፤ ኮሌራም በዚያው ይከተላል። ከ65 እስከ 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በ1 ሊትር ውኃ ሲሟሟ 1 በመቶ ብጥብጥ ይሆናል። ዱቄቱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም፤ ዕቃውም ብረት አይሁን። ከዚያ ከብጥብጡ ውኃ በተሞሉ አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሚሊ ሊትር ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ፤ ቀሪ ክሎሪኑ (ቆሻሻው ሳይበላው ውኃው ውስጥ የቀረው) በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም የሆነበት ባልዲ መጠኑን ይነግራል። በድፍርስ ውኃ አራቱም ባልዲዎች ዜሮ አሳዩን። ክሎሪኑን ደለሉ በልቶታል፤ መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊት በአሉም (ደለሉን አያይዞ ወደ ታች በሚያዘቅጥ ጨው) ማጥለል ግድ ነው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በዓለም አቀፉ የስፊር መለኪያ (የሰብአዊ እርዳታ ዝቅተኛ መመዘኛ) ለ3,000 ተፈናቃዮች መጠለያ ነድፈናል። ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር ሲታሰብ 13.5 ሄክታር መሬት፣ በቀን 15 ሊትር ሲታሰብ 45,000 ሊትር ውኃ፣ 12 ቧንቧና 150 ሽንት ቤት ይጠይቃል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለል ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት ስላለበት፣ በረጠበው ሜዳ ላይ ቆፍሮ መሥራት አይቻልም፤ አፈር ደልድሎ ከመሬት በላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ውኃውን 15,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በቀን ሦስት ጊዜ ያደርሰዋል፤ መንገድ ካለ። ቻድ ውስጥ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የአፈር መንገዱ እንዳይበላሽ ለከባድ መኪና ይዘጋል። ስለዚህ እህልም፣ ሸራም፣ ክሎሪንም ከክረምቱ በፊት ቦታው መድረስ አለበት፤ ነሐሴ ላይ የተገኘ ገንዘብ መጋዘን አይሞላም።

ለመጪው ዓመት አንድ ሙከራ አድሮብናል፦ ቻዳውያን እንደኛው ውኃ በሸክላ ያኖራሉ፣ ሸክላ ደግሞ ክሎሪን ይቀንሳል። ከአንድ ባልዲ የተቀዳ ውኃ በእንስራና በጀሪካን አድሮ ጠዋት ይለካል።