እሑድ ዕለት በስልክ ያልነገርኩሽ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ምን አስጻፋት እንደምትዪ አውቃለሁ። እሑድ ዕለት በስልክ ያበላሸሁትን ግን በስልክ ማስተካከል አልሆነልኝም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሌላውን አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ይህን ጽፌ ወደ ሐዋሳ ለሚመጣው ለአክስትሽ ልጅ ሰጠሁት።

«እማዬ፣ የአደራ ቤተሰብ ልንሆን ተመዝግበናል፤ አንድ ልጅ ወስደን ልናሳድግ ነው» ስትዪኝ መጀመሪያ ዝም አልኩ። ከዚያ «ሰው ምን ይላል?» አልኩሽ። «ነገ የራሳችሁ ሲወለድስ?» አልኩሽ። «የማን ዘር እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?» ያልኩሽ ግን ከሁሉም ያሳፍረኛል። አልተቆጣሽም። «እሺ እማዬ፣ እንነጋገራለን» ብለሽ ዘጋሽው። ያ «እሺ» ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ አደረ።

ሲነጋ ወላጅ ያጡ ልጆችን ያሳደጉት ወይዘሮ አበበች ጎበና ትዝ አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል እንዳለ ታውቂያለሽ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ማረፋቸው ሲነገር እኔና አንቺ አብረን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለን አልቅሰናል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ እንደነበር ሰምተን ስንጸልይላቸው ነበር። «እንደዚህች ያለች እናት ከየት ትመጣለች» ብዬ ነበር ያኔ። እናም እሑድ ዕለት ልጄ እሳቸው በጀመሩት መንገድ አንድ እርምጃ ልትራመድ ስትል እጇን ይዤ ጎተትኳት።

ታሪካቸውን ከመጀመሪያው ነግሬሽ አላውቅም። እኔም በቁርጥራጭ ነበር የማውቀው። እስኪ አሁን ልንገርሽ።

የተወለዱት ሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1935። ጣሊያን ሀገራችንን የወረረበት ዘመን ነው። አባታቸው በዚያ ጦርነት ሲገደሉ እሳቸው ገና አራስ ነበሩ። እስከ 9 ዓመታቸው አያቶቻቸው አሳደጓቸው። 10 ሲሆናቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ። አስቢው፣ የ10 ዓመት ልጅ። ከተዳሩበት ቤት ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እዚህም ከሰው ቤት ሆነው ፊደል ቆጠሩ። ይህን ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ፤ እሳቸው ራሳቸው አሳዳጊ ፍለጋ የሄዱ ልጅ ነበሩ። የሰው በር ቆሞ ማንኳኳት ምን እንደሆነ ያውቁታል።

አድገው ሥራ ያዙ። የቡናና የእህል ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ትዳር መሠረቱ፣ ኑሯቸው የሞላ ሆነ። ልጅ ግን አልወለዱም።

ከዚያ በፈረንጆቹ 1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄዱ። ግሸንን አንቺም ታውቂያታለሽ። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሺ ስለቴን ላገባ ይዤሽ ለመስከረም 21 የወጣንባት አምባ ናት። «ተራራው ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው» ያለሽን ቄስ ታስታውሻለሽ? በዚያ ዳገት ሕዝቡ በእልልታ ሲወጣ አይተሻል። እሳቸው በሄዱበት ጊዜ ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ተዘርግቶ ነበር። ድርቅ ነው። ሰዉ የሚያስታውሰው የ77ቱን ነው፤ ያኛው ገና አልመጣም ነበር። ከረሃብተኛው ብዛት የተነሳ እግር ማሳረፊያ አልነበረም ብለው ተናግረዋል። በእጃቸው የነበረው ትንሽ ዳቦና ጠበል ነው። ያንን አካፈሉ።

እዚያ አንዲት እናት ሞታ አገኙ። ሕፃኗ ግን ከላይዋ ሆና የሞተችውን ጡት ትጠባ ነበር። ሬሳ የሚያነሳ ሰው ነበርና ስለ ሕፃኗ ጠየቁት። እስክትሞት እየጠበቅኩ ነው አላቸው። ልጄ፣ እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ወጥቼ ተመለስኩ። አንቺን አራስ ሆነሽ ያቀፍኩሽ ቀን በዓይኔ መጣ። ሰውዬውን አልኮንነውም፤ እሱም ከአቅሙ በላይ ያየ ሰው ነው። እሳቸው ግን አልጠበቁም። በጨርቅ ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት መጡ።

በማግስቱ ምግብና ውኃ ጨምረው ተመለሱ። አሁንም መንገድ ዳር የወደቀ አባት ልጁን አደራ አላቸው። እሱ እየሞተ ነው፣ ልጁም እየሞተች ነው፤ እባክሽ እሷን አድኚልኝ አላቸው። እሷንም ወሰዱ። መንግሥት ረሃቡ እንዲሰማ አይፈልግም ነበርና ልጆቹን ይዞ መውጣት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ «የእኔ ናቸው» እያሉ ነው ያወጧቸው። «የእኔ ናቸው»። ለመንገድ ማለፊያ ያሏትን ቃል ከ40 ዓመት በላይ ኖሩባት።

አንድ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው መጀመሪያ ታገሡ፤ በኋላ ግን ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አሉ። ዘመዶቻቸው አብዳለች አሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እነዚያ ዘመዶች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የሚወዷቸው፣ ለትዳራቸውና ለኑሯቸው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። እኔ እሑድ ዕለት ያልኩሽን ቃል በቃል ሳይሉ አይቀሩም። ያኔ ጎረቤታቸው ብሆን ኖሮ እኔም ከእነሱ ጋር እቆም እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

እሳቸው ልጆቹን መረጡ። ሞቅ ካለው ቤታቸው ወጥተው ጫካ ውስጥ ባለች ጎጆ ከልጆቹ ጋር ገቡ። ወርቃቸውን ሸጡ። እሱ ሲያልቅ እንጀራ ጋግረው፣ ጠጅ ጥለው እየሸጡ አበሏቸው። 21 አፍ ማለት ስንት እንጀራ እንደሆነ እኔ ምጣድ ላይ የዋልኩ ሴት አውቀዋለሁ። በቋንቋችን «የእንጀራ እናት» ስንል ክፉ ነገር ነው የሚታሰበን፤ ከተረት ተረቱ ጀምሮ። እኔ ግን አሁን ቃሉን ስሰማ የሚታዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጭስ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሰው ልጅ የሚያሳድጉበትን እንጀራ ሲያወጡ።

ልጆቹን የሚያሳድጉበት ማኅበራቸው በሕግ እንዲመዘገብ ዓመታት ደጅ ጠንተዋል። በፈረንጆቹ 1986 ተሳካላቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ለሴቶች የሚሰጠው የሙያ ሥልጠና፣ የኤች.አይ.ቪ. መከላከል ሥራው ሁሉ መጣ። ከ12 ሺህ በላይ ልጆች ተደግፈዋል፤ በጠቅላላው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጠቅሟል ይባላል። እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚነካኝ ግን ስማቸው ነው። ሀገሩ «እዳዬ» ይላቸዋል፤ ልጆቹ «እማዬ» ይሏቸው ነበር። አንቺ እኔን የምትጠሪበት ስም ነው። ከሆዳቸው የወጣ ልጅ ባይኖራቸውም ቤተሰባቸው እልፍ እንደሆነና እንደማይጸጸቱ ተናግረዋል። ከልጆቹ ጋር ሲኖሩ፣ ከልጆቹ ጋር ሲያረጁ በቴሌቪዥን አይተናቸዋል። የእውነት እናት ፊት ነበራቸው።

አሁን ወደ እኔና አንቺ ልመለስ።

አንቺ 21 ልጅ አላመጣሽም። ከባልሽ ጋር ተማክራችሁ፣ በሕጉ መንገድ፣ ለአንድ ልጅ በራችሁን ልትከፍቱ ነው። እኔ ደግሞ ዘር ጠየቅኩሽ። በ2010 ዓ.ም. ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሀገር እንዳይሄዱ በሕግ ሲከለከል ደስ ብሎኝ ነበር። «ልጆቻችንን እኛው እናሳድግ» ብዬ ቡና ላይ አውርቻለሁ። እኛው ያልኩት ማንን እንደሆነ አላሰብኩም ነበር። አንቺ ግን አሰብሽበት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገርሽ፤ ሰበብ አይደለም። ከተጋባችሁ ጀምሮ ለልጅ ልጅ ስጸልይ ነው የኖርኩት። በየወሩ ድምፅሽን እየሰማሁ ዛሬ ትነግረኝ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። እሑድ ያልሽኝን ስሰማ «ተስፋ ቆርጣለች» የሚል ነው ወደ ልቤ የገባው። ያንቺን ሐዘን መስሎኝ የእኔን ሐዘን አወራሁ። አንቺ ግን የምሥራች ነበር የነገርሽኝ። አንድ ሰው «እማዬ፣ ልጅ ልናገኝ ነው» ሲል የሚመለሰው እልልታ ነው። ያንን ነፈግኩሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።

ትናንት የድሮውን ሳጥን ከፈትኩት። አንቀልባሽ አለ። አያትሽ በዛጎል ያስጌጡት፣ አንቺን ተሸክሜ ገበያ የምወጣበት። ቆዳው ደርቋል፤ አንዱ ጠፍር ተበጥሷል። ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ አስመታሁት። ቅዳሜ መርካቶ ወስጄ ጠፍሩን አሠራዋለሁ። ልጁ ለአንቀልባ የማይሆን ትልቅ ከሆነም ግድ የለም፤ ከእልፍኙ ያለውን ትንሹን አልጋ በመኪና እልከዋለሁ፤ ፍራሹን ብቻ እዚያው ግዙ። ቤታችሁን ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች ስለ እኔ ከጠየቁም «አያት አለው» በያቸው።

ደግሞ ያን ቀን ልጠይቅሽ የሚገባኝን አንዱንም አልጠየቅኩሽም። ወንድ ነው ሴት? ስንት ዓመቱ ነው? ስሙ ማን ይባላል? ሌሊት የሚፈራው ነገር ይኖር ይሆን? ምን ይወዳል፣ ምን አይበላም? ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውዪልኝ። ምሽትም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳዋለሁ።

እናትሽ