ልምጩን ተዉላት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ከፋ ደን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ቡናው ተነሥቷል፣ ማሩ ተነሥቷል፣ አንበሳውም አልቀረም። ቢራቢሮዎቹ ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኙም። እኔ ስለ አንዷ ልጻፍ።

በሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ትባላለች። ክንፎቿን ስትዘረጋ መዳፍ ትሞላለች። ወንዱ ቢጫ ነው፤ የክንፉ ጠርዝ ጥቁር፣ ከኋላው ሁለት ጭራ። ከሰሃራ በታች በብዙ አገር ደን ውስጥ ትገኛለች። በአብዛኛው አገር ግን ሴቷን ከወንዱ ጋር ብታዩአት ዘመዱ ናት አትሉም። ጭራ የላትም። መልኳም ወፎች የማይደፍሯቸውን መርዛማ ቢራቢሮዎች ይመስላል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው እንኳ ስለማይመሳሰሉ አጥኚዎች የተለያየ ዝርያ አድርገዋቸው ነበር። የቢራቢሮ አጥኚው ሮላንድ ትሪመን በ1869 እ.ኤ.አ. ሁሉም አንድ ናቸው ብሎ ሲጽፍ ያላመኑት ነበሩ።

የእኛዋ ትለያለች። እዚህ አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫ ናቸው፤ ጭራም አላቸው። መርዛማዎቹን የሚመስሉት ጥቂቶች ናቸው። የሚገርመው እነሱም ጭራቸውን አልጣሉም! ባዮሎጂ ሳስተምር ከዚህ የበለጠ ተማሪ የሚያነቃ ነገር አላገኘሁም።

እንቁላሏን የምትጥለው በሎሚና በሎሚ ዘመዶች ቅጠል ላይ ነው። በጫካችን ካሉት አንዱ ልምጭ ነው፤ ያው መፋቂያ የምንቆርጥበት። ጠጋ ብላችሁ ቅጠሉን እዩት። ገና የተፈለፈለው ትል የወፍ ኩስ ይመስላል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ነካ ካደረጋችሁት ከራሱ ኋላ ቀንድ የመሰለ ነገር ብቅ አድርጎ ይሸታል። ልጆች ጮኸው ይሸሻሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ደግመው ይነኩታል።

ደናችን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ደስ ይላል። የቡና ምንጣሮ ሲደርስ ግን ልምጩ ከሌላው ቁጥቋጦ ጋር አብሮ ይጨፈጨፋል። ቡና ያለ ምንጣሮ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ እኔም ጓሮዬ አለኝ። ትልልቆቹ ዛፎች ለጥላ ስለሚቀሩ ከሩቅ ላየው ደኑ ምንም አልሆነም። እሷ ግን እንቁላል የምትጥልበት አጣች።

ገበሬዎቻችንን የምለምነው በወንዝ ዳርና በማሳ ድንበር ያለውን ልምጭ እንዲተዉት ነው። እዚያ ቡናውን አይሻማም። መፋቂያ ቆራጮችም ቅርንጫፉን ውሰዱ እንጂ ከሥሩ አትንቀሉት። እናንተም አንድ ቀን የሴቷን ፎቶ ከነጭራዋ በቀለም አውጡልን።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከቦንጋ