ክሬዲቱ ለተበላሸበት ሰው የሚሰጥ ካርድ፦ ለአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ የክሬዲት (የብድር አከፋፈል) ታሪካቸው ለተበላሸ ሰዎች በሚሰጡ ክሬዲት ካርዶች ላይ የሚታሰበውን ክፍያና የአሠራሩን ግልጽነት ይመለከታል።

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤታችሁ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ይህን ደብዳቤ በአማርኛና በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የሚነካቸው ወገኖቼም አብረው እንዲያነቡት ብዬ መሆኑን አስታውቃለሁ። ጥያቄዬ ክሬዲቱ የተበላሸበት ሰው ታሪኩን ለማደስ የሚወስደው የመጀመሪያ ካርድ ገና አንድ ዕቃ ሳይገዛበት ዕዳ የሚያሸክመው እንዳይሆን ደንቡ እንዲስተካከል ነው።

የሰው ዕዳ የመክፈል ልማድ የሚለካበትና በአበዳሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ሲሆን፣ 35 በመቶው ዕዳን በወቅቱ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ደግሞ ሰውየው ካለበት ዕዳ መጠን የሚመጣ ነው። ዘግይቶ የተከፈለ ወይም ሳይከፈል ለሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ በአብዛኛው ለ7 ዓመት፣ በፍርድ ቤት የታወጀ ኪሳራ እስከ 10 ዓመት የሰውየው የብድር ታሪክ በሚጻፍበት የክሬዲት ሪፖርት ላይ ይቆያል። መረጃው ትክክል እስከሆነ ድረስ የሚያስፍቀው የለም፤ «እናስፍቅልሃለን» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉትም ቢሆኑ ሥራውን ሳይጨርሱ አስቀድመው ማስከፈል በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣ ሕግ ተከልክሎባቸዋል። ስለዚህ ለተበላሸ ክሬዲት ያለው መድኃኒት በአሮጌው ጥፋት ላይ በወቅቱ የተከፈለባቸውን አዳዲስ ወራት መደረብ ብቻ ነው። ይህን ለማድረግ ግን ክፍት የሆነ ሂሳብ ያስፈልጋል፤ ሂሳብ ለመክፈት የቀረበው ማመልከቻ ደግሞ የሚመዘነው በዚያው በተበላሸው ታሪክ ነው።

ባንኮች ለማንኛውም ጠያቂ ካርድ ይስጡ አልልም። የ2009ኙ የክሬዲት ካርድ ሕግም አመልካቹ የመክፈል አቅም እንዳለው እንዲመረምሩ ያዛቸዋል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ክሬዲቱ የተበላሸ ሁሉ ዋልጌ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበልም። ሥራ የቆመበት፣ ታሞ የተኛ፣ ለዘመዱ የመኪና ብድር ኮሳይን አድርጎ (አብሮ ፈርሞ ተጠያቂ ሆኖ) ዘመዱ መክፈል ሲያቆም ዕዳው በስሙ የቀረ ሰው በሪፖርቱ ላይ ከአባካኙ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በፖስታ የሚመጣለት ካርድ ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳያችሁ። ሕጉ ካርድ ሰጪው በመጀመሪያው ዓመት የሚያስከፍላቸው ክፍያዎች ከብድር ጣሪያው፣ ማለትም በካርዱ መበደር ከሚቻለው ከፍተኛ መጠን፣ 25 በመቶ እንዳይበልጡ ይደነግጋል። ጣሪያው 300 ዶላር ከሆነ 75 ዶላር ድረስ በዓመታዊ ክፍያ ስም ማስከፈል ይቻላል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በቀጥታ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ሰውየው ፖስታውን ሲከፍት 300 ዶላር የተባለው ካርድ 225 ዶላር ብቻ ቀርቶት ያገኘዋል፤ ምንም ሳይገዛ ከጣሪያው ሩቡን ተጠቅሟል። በዚያው ወር የ60 ዶላር ነዳጅ ቢቀዳበትና የወሩ ሂሳብ ሲዘጋ ይህ ሪፖርቱን ለሚያዘጋጁት የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ቢተላለፍ፣ በሪፖርቱ ላይ የሚታየው ከ300 ዶላር 135 ዶላር ወይም 45 በመቶ የተጠቀመ ሰው ነው። ነጥብ ሰጪው ቀመር ክፍያን ከግዢ አይለይም። በኋላ የተሻለ ካርድ ሲጠይቅ የሚደርሰው የእምቢታ ደብዳቤ «ያለብዎት ዕዳ ከብድር ጣሪያዎ ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ ነው» ይለዋል። ነጥቡን እንዲያድስበት የገዛው ካርድ ለነጥቡ መውረድ ምክንያት ሆኖ መቅረቡ ነው እኔን የሚያስገርመኝ።

ነገሩ በ25 በመቶውም አያበቃም። ሂሳቡ ከመከፈቱ በፊት በማመልከቻ ማስተናገጃ ስም የሚወሰድ ክፍያ አለ። በ2011 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌደራል ሪዘርቭ ይህም ክፍያ በጣሪያው ውስጥ እንዲታሰብ ደንቡን አሻሽሎ ነበር፤ አንድ ካርድ ሰጪ ባንክ ከሰሰና በሳውዝ ዳኮታ የሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ማሻሻያው እንዳይሠራ አገደው። ከዚያም በ2013 የእናንተው ቢሮ ገደቡ ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ለሚጠየቁ ክፍያዎች ብቻ እንዲያገለግል አድርጎ ደንቡን ለወጠው። እርምጃው ክርክሩ ያስከተለውን ጥርጥር ለመቋጨት እንደተወሰደ ይገባኛል፤ በር መክፈቱ ግን የማይካድ ነው። ሸማቹ ገንዘቡን ከኪሱ የሚያወጣው ሂሳቡ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረውም ይሁን በማግስቱ፣ ለኪሱ ልዩነት የለውም። ዓመቱ ካለፈም በኋላ ገደቡ ስለሚነሣ፣ ዓመታዊው ክፍያ ላይ ወርኃዊ የሂሳብ ማስተዳደሪያ ሊጨመርበት ይችላል። ሰውየው ካርዱን እንዳይዘጋው ደግሞ ያለው ክፍት ሂሳብ ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቢሮው ይህን ደንብ ዳግመኛ እንዲያየው እጠይቃለሁ። ከሂሳቡ መከፈት በፊት የሚወሰደውን ክፍያ ወደ 25 በመቶው ማስገባት ሕጉ አይፈቅድም ከተባለ እንኳ፣ በማስታወቂያውና በማመልከቻው የፊት ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎልተው እንዲጻፉ ማዘዝ ይቻላል፤ አንደኛው ሰውየው እስከ መጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ በድምሩ የሚከፍለው፣ ሁለተኛው ካርዱ እጁ ሲገባ በእውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ገንዘብ ነው። አሁን ያለው ደንብ ለካርዱ የሚጠየቁና በካርዱ ላይ የሚጻፉ ክፍያዎች ከዝቅተኛው ጣሪያ 15 በመቶ ሲደርሱ ቀሪውን ማሳወቅን ያስገድዳል፤ ከኪስ አስቀድሞ የተወሰደው ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ነው።

በእኔ እምነት ለእነዚህ ሰዎች የሚሻለው መንገድ በዲፖዚት (በመያዣ ገንዘብ) የሚሰጠው ሴክዩርድ ካርድ ነው። ሰውየው ለምሳሌ 200 ዶላር ያስይዛል፣ ብዙውን ጊዜ ጣሪያውም 200 ዶላር ይሆናል፤ ባንኩ የሚሰጋበት ነገር ይቀንሳል፣ ገንዘቡም ተመላሽ ነው። የእኔ ቅሬታ ዲፖዚቱ መቼ እንደሚመለስና ካርዱ መቼ ወደ መደበኛ እንደሚያድግ በብዙ ውሎች ውስጥ ቁርጥ ያለ ነገር አለመጻፉ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ካርድ ሰጪው የደንበኛውን የክፍያ መረጃ ለሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ ለኤክዊፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን የማስተላለፍ ግዴታ የለበትም፤ ቢፈልግ ለሦስቱም፣ ቢፈልግ ለአንዱ፣ ቢፈልግ ለማንም። አንዲት የማውቃቸው እናት ዲፖዚት አስይዘው ከዓመት በላይ አንድ ወር ሳያጓድሉ ከፈሉ። የመኪና ብድር ጠይቀው ሲከለከሉ ሪፖርታቸውን ከሦስቱም አውጥተን ጎን ለጎን ብናስተያይ፣ ካርዱ ተመዝግቦ የተገኘው በአንደኛው ብቻ ነበር፤ አበዳሪው ያየው ደግሞ የሌላውን ነው። በውሉ ላይ «የክፍያ መረጃዎን ለክሬዲት ድርጅቶች ልናስተላልፍ እንችላለን» የሚል ሐረግ አለ። እኚህ እናት 200 ዶላራቸውን ያስያዙት ግን «እንችላለን» ለሚል ቃል አልነበረም።

«ክሬዲትዎን ይገንቡ» እያለ የሚያስተዋውቅ ማንኛውም ካርድ ሰጪ፣ ለየትኞቹ ድርጅቶች በየወሩ እንደሚያስተላልፍ በስም ጠርቶ በማስታወቂያው ላይ ቢያሳውቅ ማንንም የሚጎዳ አይደለም። ካርድ ሰጪዎች ውላቸውን ለእናንተ መላክ ግዴታቸው ሆኖ ሳለ፣ ይህን መረጃም አብሮ ሰብስቦ ሸማቹ በቀላሉ እንዲያወዳድር ማድረግ ከቢሮው አቅም በላይ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርድ ለማግኘት ባመለከቱ ቁጥር አበዳሪው የሚያደርገው ምርመራ በሪፖርቱ ላይ ለ2 ዓመት ይታያል፣ ነጥብም ሊቀንስ ይችላል። ነጥብ ሳይነኩ አስቀድሞ ማጣራት የሚቻልበት መንገድ በብዙ ባንኮች ዘንድ በሥራ ላይ ስላለ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ላላቸው በተዘጋጁ ካርዶች ሁሉ ይህ ማጣሪያ መጀመሪያ እንዲቀርብ ቢደረግ፣ ሰው እምቢታን በነጥቡ እየገዛ ከበር በር አይንከራተትም ነበር።

ማንኛውም ሰው ደንብ እንዲሻሻል ለፌደራል መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው አውቃለሁ። ስለሆነም ከላይ የዘረዘርኳቸው ሐሳቦች እንደ አቤቱታ ተመዝግበው፣ ቢሮው በተለይ በ2013ቱ ለውጥና ለክሬዲት ድርጅቶች በሚተላለፈው መረጃ ላይ ያለውን አቋም በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ምላሹ ሲደርሰኝ ይህን ደብዳቤ ባነበቡበት ቦታ ሁሉ እንዲያገኙት አደርጋለሁ።

ከሰላምታ ጋር